ሰርትራሊን ላይ 5 ኤችቲፒ ጨመርኩ፤ ትናንት ማታ ምን ነካኝ?

ማታ_ነቂ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የረጅም ጊዜ አንባቢ ነኝ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ብዘበዝብ ቻሉኝ።

ሥራዬ የጽሑፍ እርማት ነው። የሰው ስህተት ስለቅም ነው የምውለው፤ በአብዛኛው ደግሞ የማመሸው። ለድብርት ሰርትራሊን 50 ሚሊ ግራም ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። እውነቱን ለመናገር ረድቶኛል። ማልቀሱ ቆሟል። ጠዋት ከአልጋ መውረድ እንደ ተራራ መውጣት መሆኑ ቀርቷል። ሁለት ነገር ግን አልለቀቀኝም። አንዱ ድካም ነው። ከሰዓት በኋላ ባትሪው እንዳለቀ ስልክ ጭልጥ እላለሁ። ሁለተኛው እግሬ ነው። ማታ ጋደም ስል ከጉልበቴ በታች የሆነ ነገር ይርመሰመስብኛል። ካላንቀሳቀስኩት አያስተኛኝም። ተነስቼ ቤቱን ስዞር ይተወኛል፤ ስተኛ ይመለሳል። የተጠቃሚ ስሜም ከዚያ የመጣ ነው።

ይህን ለአጎቴ ልጅ ነገርኳት። እሷ ደግሞ የሰፕልመንት ሰው ናት። «አንጎልሽ ሴሮቶኒን የሚባለው የስሜት ኬሚካል አንሶት ነው፤ ኬሚካል ከምትውጪ ተፈጥሯዊውን ውሰጂ» አለችና አራት ጠርሙስ ላከችልኝ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረው ያዩኛል። 5 ኤችቲፒ፣ ባለ 100 ሚሊ ግራም። ሴንት ጆንስ ወርት የሚባል ቅጠል፣ ባለ 300። ጋባ፣ ባለ 500። ቢ ኮምፕሌክስ የሚባል የቫይታሚን ቅልቅል፣ ውስጡ ቢ6 ብቻውን 100 ሚሊ ግራም። በዚህኛው ላይ ከቢ6 ጎን «ከዕለታዊ ፍላጎት 5,882 በመቶ» የሚል ቁጥር አለ። የሥራ ነገር ሆኖብኝ መጀመሪያ የህትመት ስህተት መስሎኝ ነበር።

የጀመርኩት በ5 ኤችቲፒው ነው። ሰርትራሊኑን ሳላቋርጥ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ምንም። በሁለተኛው ሆዴ ተገለባበጠ። ትናንት ሦስተኛው ነበር። ከዋጥኩ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ላብ አጠመቀኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ልቤ ደረጃ በሩጫ እንደወጣ ሰው ይደልቃል። እግሬማ በራሱ ይዘል ጀመር፤ ያ የለመድኩት መርመስመስ አልነበረም። ሊነጋጋ ሲል ቀለል አለኝ። አሁን ደህና ነኝ፤ እጄ ትንሽ ይርዳል እንጂ።

እና ግራ ገባኝ። እነዚህ ነገሮች የምር አንጎል ድረስ ይደርሳሉ? ካልደረሱ ትናንት ምን ነካኝ? ከደረሱስ ዛሬ 5 ኤችቲፒውን ትቼ ሴንት ጆንስ ወርቱን ልሞክር? ዶክተሬን እንዳልጠይቅ ባለፈው ስለ ሰፕልመንት ሳነሳበት «እሱን ተዪው» ብሎኝ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ያኔ ያፈርኩት እስካሁን አለ።

---

ክኒን_ቆጣሪ

እህቴ፣ ረጅሙን በኋላ እጽፋለሁ። አጭሩን አሁን።

ዛሬ ማታ ከአራቱ ጠርሙሶች አንዱንም አትንኪ። ሴንት ጆንስ ወርቱን ደግሞ ጨርሶ። ሰርትራሊንሽን ግን በራስሽ ውሳኔ እንዳታቆሚ። አሁኑኑ ሐኪምሽ ጋ ደውዪና «ሰርትራሊን ላይ 5 ኤችቲፒ ጨምሬ ላብ፣ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፍጠን መጣብኝ» በዪ። በዚሁ ቃል በዪው፤ «ትንሽ አመመኝ» ብለሽ አታለሳልሺው። ምልክቱ ከተመለሰ፣ ትኩሳት ካመጣ፣ ሰውነትሽ ከገተረ ወይም መቀባዠር ከጀመርሽ ግን ስልክ የለ ምን የለ፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ጠርሙሶቹንም ይዘሽ።

የጻፍሽው ሴሮቶኒን ከመጠን በላይ ሲበዛ የሚመጣውን፣ ሴሮቶኒን ሲንድሮም የሚባለውን ነገር ይመስላል፤ ቀለል ያለውን። በስክሪን ሰው አይመረመርም። ስለዚህ ይታይ።

---

ማታ_ነቂ

ደወልኩ። ነርሷ ስሰማት ድምጿ ተቀየረ፤ «አሁን ነይ» አለችኝ። ጠርሙሶቹን በፌስታል አንጠልጥዬ ወጣሁ።

---

ክኒን_ቆጣሪ

ጎበዝ። እስክትመለሺ ረጅሙን ልጻፈው። 19 ዓመት ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜያለሁ። «ተፈጥሯዊ ነው» ሲሉኝ ጆሮዬ ይቆማል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አንጎል በሩን ዘግቶ የሚኖር አካል ነው። የደም ሥሮቹ ግድግዳ ሴሎች እርስ በርስ የተሰፉ ያህል ተጣብቀዋል። ደም ውስጥ የተገኘ ሁሉ ዝም ብሎ አይገባም። ሴሮቶኒን ራሱ አይገባም። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ የሚሆነው የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው። እዚያ አንጀት ያንቀሳቅሳል፤ በደም ሲዞርም ደም እንዲረጋ ያግዛል። አንጎል ግን ከዚያ አንዲት ጠብታ አይበደርም። የራሱን ራሱ ይሠራል። ጥሬ ዕቃው ትሪፕቶፋን ነው፤ ፕሮቲን ውስጥ የሚገኝ አሚኖ አሲድ።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ትሪፕቶፋን ወደ አንጎል የሚገባበት በር የብቻው አይደለም። ሉሲን፣ አይሶሉሲን፣ ቫሊን፣ ታይሮሲን፣ ፌኒላላኒን፣ ሁሉም እዚያው በር ላይ ይጋፋሉ። ትሪፕቶፋን ደግሞ ምግብ ውስጥ ከእነሱ ሁሉ ያነሰ ነው። ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ስትበዪ እሱ ቢጨምር፣ ተጋፊዎቹ ከእሱ በላይ ይጨምራሉ። ስለዚህ ወደ ውስጥ የሚገባው ባለበት ይቆማል፤ አንዳንዴም ይቀንሳል። ፈርንስትሮምና ዉርትማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአይጦች ላይ የዚህን ግልባጭ አሳዩ። ስታርችና ስኳር ብቻ ሲበላ ኢንሱሊን ይወጣል። ኢንሱሊን ተጋፊዎቹን ወደ ጡንቻ ይነዳቸዋል። በር ላይ ያለው ግፊያ ይሳሳል፤ ትሪፕቶፋንም ሹልክ ይላል። ሰው ላይ ግን ምግቡ ውስጥ ትንሽ ፕሮቲን ከተቀላቀለ ይህ ሁሉ ጠፍቶ ያርፋል። ማን ነው ስታርች ብቻ የሚበላ? «ይህን ብሉ፣ ሴሮቶኒን ይጨምራል» የሚል ጽሑፍ ስታዪ በሩን አስቢ።

ከገባ በኋላ ሁለት እርምጃ አለ። በመጀመሪያው ትሪፕቶፋን ወደ 5 ኤችቲፒ ይቀየራል። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም ቀርፋፋ ነው፤ ብረትም ይፈልጋል። የሥራውን ፍጥነት የሚወስነው እሱ ነው። ዘበኛ በዪው። በሁለተኛው እርምጃ 5 ኤችቲፒ ሴሮቶኒን ይሆናል። እዚህ ላይ ቢ6 ያስፈልጋል። ይህኛው ፈጣን ነው፤ የመጣለትን ሁሉ ይቀይራል።

የአጎትሽ ልጅ የላከችው ጠርሙስ እንግዲህ ዘበኛውን ዘሎ የሚገባ ነው። 5 ኤችቲፒ አንጎል ውስጥ ይገባል፤ ይቀየራልም። ከፊሉ ገና አንጀት ላይ እያለ ይቀየራል። የሁለተኛው ሌሊት የሆድሽ ነገር ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ሰርትራሊን ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው። ሴሮቶኒን አያመርትም። ነርቭ የለቀቀውን ሴሮቶኒን መልሶ የሚመጥበትን ፓምፕ ይዘጋል። መውረጃው በከፊል የተደፈነ መታጠቢያ ገንዳ አስቢ። ቧንቧው እንደ ልማዱ ሲንጠባጠብ ውኃው ቀስ ብሎ ከፍ ይላል። የታዘዘልሽ ለዚያ ነው። አንቺ መውረጃው እንደተደፈነ ሁለተኛ ቧንቧ ከፈትሽበት። ሲንድሮሙ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ነገር በተጨመረ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚመጣው፤ የጻፍሽው ሁለት ሰዓት ለዚህ ነው ያስደነገጠኝ።

ሴንት ጆንስ ወርትን ብትጨምሪበት ኖሮ? ውስጡ ሃይፐርፎሪን የሚባል ነገር አለ፤ እሱም መውረጃ ይደፍናል። የሴሮቶኒንን ብቻ ሳይሆን የሌሎች ሁለት የአንጎል ኬሚካሎችን፣ የዶፓሚንንና የኖርአድሬናሊንንም። እዚያ ላይ አያበቃም። ጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚያፈርሱትን ኢንዛይሞች ይቀሰቅሳል። ጉበት ይተጋል፤ ሌላ መድኃኒትሽን ከሰውነትሽ ጠራርጎ ያስወጣል። በ2000 ዓመት ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሁለት ነገር ወጣ። የልብ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሁለት ሰዎች ይህን ቅጠል ጀምረው፣ ሰውነታቸው የተተከለውን ልብ እንዳይገፋ የሚወስዱት ሳይክሎስፖሪን ደማቸው ውስጥ ወረደ። ሰውነታቸውም ልቡን መግፋት ጀመረ። በሌላኛው ጥናት ኢንዲናቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በደም ውስጥ በ57 በመቶ ቀነሰ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የሚወስዱ ሴቶችም ሳያስቡት ያረገዙበት ጊዜ አለ። «ቅጠል ናት፣ ምን ታደርጋለች» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ይህን ነው የምነግረው።

ጋባ ከአራቱ የዋሁ ነው። ጋባ አንጎልን የሚያረጋጋ ኬሚካል መሆኑ እውነት ነው። በአፍ የተዋጠው ግን በሩን እምብዛም አያልፍም። አንጎል ግሉታሜት ከሚባል ሌላ ኬሚካል ራሱ ይሠራዋል። ለዚህም አሁንም ቢ6 ይፈልጋል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት ያለ ምክንያት ያንዘፈዝፋቸው ነበር። ኋላ ሲታይ የሚጠጡት የታሸገ ፈሳሽ የሕፃናት ወተት ሲሠራ ሙቀቱ ቢ6ን አጥፍቶታል። ቢ6 ሲሰጣቸው ቆመ። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ከአይሶናያዚድ ጋር ብዙ ጊዜ ፓይሪዶክሲን የሚታዘዝላቸውም ለዚሁ ነው። አይሶናያዚድ ቢ6ን ይነጥቃል፤ ፓይሪዶክሲን ደግሞ ያው ቢ6 ነው።

ሲጎድል እንዲህ ያደርጋል። ሲበዛም ነርቭ ይጎዳል፤ ይህን ብዙ ሰው አያምነኝም። በ1983 ሰባት ሰዎች ተመዘገቡ። በቀን ከ2 እስከ 6 ግራም ቢ6 ይወስዱ ነበር። እግርና እጃቸው ደነዘዘ፤ አረማመዳቸው ተዛባ። ያንቺው መጠን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ነገር ግን የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2023 ለአዋቂ የሚፈቀደውን ጣሪያ በቀን 12 ሚሊ ግራም አድርጎታል። አሜሪካኖቹ 100 ይላሉ። ጠርሙስሽ የአንዱን ጣሪያ ሞልቶ የሌላውን ስምንት እጥፍ አልፏል።

---

ቅጠል_ወዳጅ

ይቅርታ ግን ነገሩ የአንድ ወገን ብቻ እየሆነ ነው። እኔ ሴንት ጆንስ ወርት ለአንድ ዓመት ተኩል ወስጃለሁ። ብቻውን፤ ሌላ መድኃኒት ሳልጨምር። ከፍቺ በኋላ ነበር። ምግብ አፈር አፈር ይለኝ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ሳላስበው እያፏጨሁ ራሴን አገኘሁት። የማፏጨት ልማድ የለኝም።

አንብቤያለሁ ደግሞ። በ2008 የወጣ አንድ ትልቅ ግምገማ 29 ሙከራዎችን አንድ ላይ አይቶ፣ ለድብርት ከባዶ ክኒን የተሻለ፣ ከታወቁት መድኃኒቶችም የማያንስ ሆኖ አግኝቶታል። የጎን ጉዳቱ እንዲያውም ያነሰ ነው ይላል። ይህን ለምን አትነግሯትም? ፋርማሲስት ሲባል ቅጠል ሲያይ ዓይኑ ይቀላል። የሚሸጠው ክኒን ስለሆነ።

---

ክኒን_ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ግምገማውን በትክክል ጠቅሰኸዋል። አልክደውም። ማፏጨትህም ደስ ብሎኛል።

ሌላም ልጨምርልህ። በ2002 አሜሪካ ውስጥ 340 ሰዎችን ከፋፍለው ለአንዱ ቡድን ሴንት ጆንስ ወርት፣ ለአንዱ ሰርትራሊን፣ ለአንዱ ባዶ ክኒን ሰጡ። በዋናው መለኪያ ቅጠሉ ባዶውን ክኒን አልበለጠም። ቆይ፣ ገና ነው፤ ሰርትራሊኑም አልበለጠም። የድብርት ጥናት እንዲህ ነው፤ ባዶ ክኒን የዋጠውም ብዙ ይሻለዋል። ስለዚህ በአንድ ጥናት ቅጠሉን ልቀብረው አልፈልግም።

እኔን የሚያጣላኝ «ቅጠል ስለሆነ መድኃኒት አይደለም» የሚለው ነው። የሚሠራ ከሆነ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጣላል። አንተ ብቻውን ወሰድከው፤ እሷ ሰርትራሊን ላይ ነው ልትጨምረው የነበረው። ሌላው ቀርቶ ይህ የሴሮቶኒን ወሬ እንኳ ከየት መጣ? አንዱ ምንጩ ቅጠል ነው። ራውወልፊያ ከሚባል ተክል ሥር በ1952 ሬሰርፒን የተባለ ነገር ነጥለው አወጡ። ለደም ግፊት ይሰጥ ጀመር። ግፊቱን አወረደ። ከወሰዱት ሰዎች ግን አንዳንዶቹ በድብርት ተዋጡ። ሲያጠኑት ሬሰርፒን ነርቭ ያጠራቀመውን ሴሮቶኒን፣ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ባዶ ያደርጋል። «ድብርት የእነዚህ ኬሚካሎች ማነስ ይሆን?» የሚለውን ጥያቄ ከቀሰቀሱት ነገሮች አንዱ ይህ የተክል ሥር ነው። ዛሬ ነገሩ ከማነስና ከመብዛት በላይ የተወሳሰበ እንደሆነ ታውቋል። የአጎቷ ልጅ ጋ ግን ያ ዜና ገና አልደረሰም።

ብልሹ ምርትም አለ። በ1989 አሜሪካ ውስጥ የትሪፕቶፋን ክኒን የዋጡ ከ1,500 በላይ ሰዎች በከባድ የጡንቻ ሕመም ተያዙ። ከ30 በላይ ሞቱ። ጣጣው በዋናነት ከአንድ አምራች ምርት ጋር ተያይዞ ተገኘ። ካቫ የተባለ ተክልም ለጭንቀት ይሸጥ ነበር፤ በጉበት ጉዳት ምክንያት ጀርመን በ2002 ከገበያ አስወጣችው። አሽዋጋንዳ የተባለውን ተክል የሚወስዱ ሰዎች ላይም የጉበት ጉዳት ተመዝግቧል።

ክኒን ስለምሸጥ ነው ያልከውን በተመለከተ፣ ከባንኮኒዬ ጀርባ ያለው መደርደሪያ ግማሹ ሰፕልመንት ነው። የተሻለ የሚያተርፈውም እሱ ነው። በዚህ በኩል ከኪሴ ጋር ነው የምጣላው።

---

የጡረታ_ሰው

ልጆች፣ በመካከላችሁ ልግባ። 68 ዓመቴ ነው። ጂኦሜትሪ አስተምር ነበር። ስኳር አለብኝ፤ ሜትፎርሚን ስውጥ 11 ዓመት ሞላኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ቃል ይጠፋብኝ ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። ለልጅ ልጄ ማዕዘን እያሳየሁ «ያንን ነገር አቀብይኝ፣ ያንን ግማሽ ክብ» አልኳት። ፕሮትራክተር የሚለው ቃል ጠፋኝ። አርባ ዓመት በእጄ የያዝኩት ዕቃ ነው። ቀጥሎ እግሬ። ጥጥ ላይ የምራመድ ይመስለኝ ነበር። ጨለማ ውስጥ ስቆም እወላገዳለሁ። ቁጣም መጣብኝ፤ ባለቤቴ «ሌላ ሰው ሆንክብኝ» አለችኝ።

ልጆቼ የአእምሮ መዘንጋት ነው ብለው ፈረዱ። ጊንኮ የሚባል ክኒን ገዙልኝ። አሥር ወር ዋጥኩ። የስኳር ክትትል ወደማደርግበት ቦታ በየሦስት ወሩ እሄድ ነበር። ስለ እግሬ ስናገር «ስኳሩ ነው» ይሉኛል። ስለ ቃሉ ስናገር «ዕድሜ ነው» ይሉኛል። ሄሞግሎቢኔን ለክተው «ደም ማነስ የለብዎትም» ብለው ይሸኙኛል።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀይራ መጣች። ቁርጭምጭሚቴ ላይ የሚነዝር ሹካ መሰል ብረት አስቀመጠችና «ንዝረቱ ይሰማዎታል?» አለችኝ። ምንም አልተሰማኝም። «ሜትፎርሚን ስንት ዓመት ሆነዎት?» አለች። ነገርኳት። የቢ12 ቫይታሚን ምርመራ አዘዘች። ውጤቱ መሬት ነበር።

ከዚያ መርፌ ነው። በመጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ በየተወሰነ ጊዜ። ቃሎቼ በአራት ወር ውስጥ ተመለሱ። ቁጣዬም በረደ፤ ባለቤቴ ትመስክር። እግሬ ግን እስከ ግማሽ ነው የተመለሰው። ቆይቷልና። ጊንኮውን የዋጥኩባቸው አሥር ወራት ይቆጩኛል። ልጆቼን አልወቅስም፤ በፍቅር ነው ያደረጉት።

---

ክኒን_ቆጣሪ

ጋሼ፣ ስለጻፉልን አመሰግናለሁ። ለእርስዎ የገጠመዎት በወረቀትም ሰፍሯል። በ1988 የወጣ ጥናት በቢ12 እጥረት ነርቫቸውና አእምሯቸው የተነካ 141 ሰዎችን ተመለከተ። ከእነሱ 40ዎቹ ደም ማነስም የቀይ ደም ሴል መተለቅም አልነበረባቸውም። «ደምዎ ደህና ነው» ማለት «ቢ12ዎ ደህና ነው» ማለት አይደለም። ቢ12 የነርቭ ሽፋኑን ለመጠበቅና ሰውነት ብዙ ኬሚካሎችን ለሚሠራበት ሥራ ያስፈልጋል። ሜትፎርሚን ቢ12 ከአንጀት ወደ ደም እንደሚፈለገው እንዳይገባ ያደርጋል። ለጨጓራ ለዓመታት የሚወሰደው ኦሜፕራዞልም እንዲሁ።

ጊንኮውንስ ቢሆን፣ ዕድሜያቸው 75ና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,069 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሽ ያህሉ በቀን 240 ሚሊ ግራም ጊንኮ፣ የቀሩት ባዶ ክኒን እየወሰዱ ለስድስት ዓመት ያህል ክትትል ተደረገላቸው። በ2008 ውጤቱ ሲወጣ የመዘንጋት በሽታን አልከላከለም።

ለሌሎቻችሁ አንዲት ነገር። ቢ12 ሳትለኩ ፎሊክ አሲድ በብዛት አትዋጡ። የደም ማነሱን አስተካክሎ ይሸፍንላችኋል፤ ነርቩ ግን ከሥር መጎዳቱን ይቀጥላል።

---

ማታ_ነቂ

ከዘጠኝ ቀን በኋላ መጥቻለሁ። ስለጠፋሁ ይቅርታ፤ ሥራ ተደራርቦብኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ስድስት ሰዓት አቆዩኝ። ሐኪሟ ጉልበቴን በመዶሻ ነካ ስታደርገው እግሬ ተፈናጥሮ ሊመታት ነበር። ሁለታችንም ሳቅን። ቁርጭምጭሚቴን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ስትይዘው ደግሞ በራሱ ደጋግሞ መታ መታ አደረገ። ያን ጊዜ አልሳቀችም። ክኒን_ቆጣሪ ያለውን ቃል ነው ወረቀቱ ላይ የጻፈችው። ፈሳሽና ማረጋጊያ ሰጡኝ። ማታ ቤቴ ገባሁ። ሰርትራሊኑን ለሁለት ቀን አስዘለሉኝና መልሰው አስጀመሩኝ፤ ያው 50።

ከዚያ የራሴ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ያ ወደ ኮምፒውተሩ የዞረው። ይህን ጊዜ አልዞረም። ወንበሩን ወደ እኔ ሳበና «ስለ እግርሽ ንገሪኝ» አለኝ። ሰባት ወር ሙሉ ስለ እግሬ አልነገርኩትም ነበር ለካ! ከድብርት ጋር ይሄዳል ብዬ አልፌዋለሁ። ማታ ጋደም ስል ብቻ እንደሚመጣ፣ ስራመድ እንደሚለቀኝ ነገርኩት። «ፌሪቲን ተለክተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አላውቅም።

ወጣ። 8 ነው። ሄሞግሎቢኔ ግን ደህና ነው። ጋሼን አስታወስኩ።

የነገረኝን እንደገባኝ ልጻፈው። ፌሪቲን የብረት ጎተራ ነው። ጎተራው ባዶ ሆኖም ደሙ ለጊዜው ደህና ሊመስል ይችላል። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚሠራው ኢንዛይም ልክ እንደ ሴሮቶኒኑ ዘበኛ ብረት ይፈልጋል። የማታው የእግር መርመስመስ ስም አለው፤ ዕረፍት የለሽ እግር ይሉታል። ከአንጎል ብረትና ከዶፓሚን ጋር የተያያዘ ነው። ሰርትራሊንን የመሰሉ መድኃኒቶች ደግሞ ሊያብሱት ይችላሉ። እኔ ሴሮቶኒን አነሰኝ ብዬ ሴሮቶኒን ስጨምር፣ የጎደለኝ አንድ ማዕድን ነው። ወር አበባዬ ብዙ ይፈስ እንደሆነም ጠየቀኝ፤ አዎ ስለው «ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። ለምን አልጠየቅከኝም ልለው ፈልጌ ዋጥኩት።

ብረት ቀን እየዘለልኩ እንድወስድ አዘዘልኝ። ከሻይና ከቡና አርቄ። እግሬ እስካሁን ያው ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል ብሎኛል። መንቀጥቀጡ ግን ከሁለተኛው ቀን በኋላ ጠፍቷል።

ክኒን_ቆጣሪ፣ ባትጽፍልኝ ኖሮ የዚያን ማታ ሴንት ጆንስ ወርቱን እውጠው ነበር። ውኃውን ቀድቼ ነበር።

---

ቅጠል_ወዳጅ

እህቴ እንኳን ተረፍሽ። ክርክሬን ባለበት አቆየዋለሁ፤ ነገር ግን በሰርትራሊን ላይ አትውሰጂው ማለት ነበረብኝ። ያን ቃል ሳልጽፍ ነው ስለ ማፏጨት ያወራሁት።

---

ክኒን_ቆጣሪ

ማታ_ነቂ፣ ፌሪቲኑን ከሦስት ወር በኋላ መልሰው ይለኩልሽ። ብዙ ሰው ድካሙ ሲቀል ክኒኑን ያቆማል፤ ጎተራው ግን ገና አልሞላም። ጠርሙሶቹን ወደ መጸዳጃ እንዳትደፊያቸው፤ አቅራቢያሽ ወዳለ መድኃኒት ቤት መልሺያቸው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። አንቺ እርማት ነው ሥራሽ። ጠርሙሶቹ ላይ ማስጠንቀቂያ አልነበረም?

---

ማታ_ነቂ

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር።

አሁን ሄጄ አየኋቸው። 5 ኤችቲፒው ላይ ወረቀቱ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል። ከሥር «ለድብርት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ» ይላል። ፊደሉ የጉንዳን እግር ያክላል። ስልኬን አጉልቼ ነው ያነበብኩት። ሴንት ጆንስ ወርቱ ላይ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ አንድ መስመር አለ፤ ስለ ሌላ መድኃኒት የለም። ጋባው ላይ «ከሕፃናት ያርቁ» ብቻ።

ቢ ኮምፕሌክሱ ላይ ምንም የለም። 5,882 በመቶው ግን በደማቅ ተጽፏል።